ለቁራ የተጣለው ጥርስ

እትዬ ስቶይና ቭራጻ ከተማ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠሩ ኖረዋል። ሽማግሌ ደንበኞቻቸውን አይወዷቸውም፤ ጠበበኝ፣ ሰፋኝ እያሉ ነፍስ ያወጣሉ። የሚሳሱት አልፎ አልፎ ለሚመጡት ልጆች ነበር፤ ከተፈጥሯቸው ጥርስ ለማያበቅሉት። የልጅ መንጋጋ ያድጋልና ለእነሱ በየዓመቱ አዲስ ይሠራል።

ካሊና ስድስት ዓመቷ ነው። ከላይ እንደ ሚስማር የሾሉ ሁለት ጥርሶች አሏት፤ ሌላ የለም፣ ወደፊትም አይኖርም። እትዬ ስቶይና የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲገጥሙላት ስለፈራች፣ "አይዞሽ፣ ይሄ የወተት ጥርስሽ ነው፤ ትልቁ ስታድጊ ይመጣል" ብለው አባበሏት። እናቷ ኔዳም ሰምታ ውሸቱን አላረመችም።

ትምህርት ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው ኔዳ እያለከለከች መጣች።

"ጣሪያ ላይ ወረወረችው!"

"ምኑን?"

"ጥርሷን ነዋ! የጎረቤት ልጆች የወተት ጥርሳቸውን ለቁራ ሲጥሉ አይታ፣ እሷም ይሄን ውሰድና ጠንካራውን የብረት ጥርስ አምጣልኝ ብላ ወረወረችው። ተንከባሎ ድንጋዩ ላይ ወድቆ እንክትክት ብሏል። እሷ እቴ! መስታወት ፊት ተገትራ ድዷን ስትዳብስ ትውላለች። ሰኞ እንዴት አድርጌ ልውሰዳት? መዋለ ሕፃናት እያለች እንኳ 'አሮጊቷ' ነበር የሚሏት።"

እትዬ ስቶይና ክው አሉ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ።

እውነትም የእሳቸው ነበር። ደግ ሰው ሲዋሽ ማንም አይቆጣውም፤ ዕዳው ግን ልጅ ላይ ይወድቃል።

በማግስቱ ካሊና ከእናቷ ጋር መጥታ ወንበሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። እትዬ ስቶይና የመንጋጋዋን ልክ የሚወስዱበትን ሊጥ ማሸት ጀመሩ።

"ቁራው ቆየብኝ፣ እትዬ።"

"አይመጣም፣ የኔ ልጅ። ዋሽቼሽ ነው። ከድድሽ ሥር ጥርስ የለም። የምሠራልሽ እኔ ነኝ፤ በየዓመቱ።"

ልጅቷ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ሽበታቸውን አየች፤ የተሸበሸበውን እጃቸውንም አየች።

"እርስዎ ሲሞቱስ?"

እትዬ ስቶይና ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሙያቸውን የሚረከብ ሰው ፈልገው አጥተዋል፤ ያስተማሯቸው ሁሉ ጀርመን ገብተዋል። ወደ ኔዳ ዞር ቢሉ ኔዳ አቀርቅራለች። ሊጡ እጃቸው ላይ መጠንከር ጀመረ።

"አፍሽን ክፈቺ" አሏት።