ስሞታ የለመደ አብራሪ

የሙከራ አብራሪ ደፋር መሆን አለበት ይባላል። ስህተት ነው። ደፋር ሰው ዝም ብሎ ይሞታል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ስሞተኛ ነው።

ይህን የተረዳሁት በደርግ ዘመን፣ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአክስቴ ልጅና ከሚስቱ ጋር ስኖር ነው። እሱ አገር ቤት ሄሊኮፕተር ያበርር ነበር። ከተሰደደ በኋላ ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ከረመና አንድ ትንሽ የውጭ ኩባንያ ለሙከራ ጊዜ ቀጠረው። ኩባንያው ሄሊኮፕተርን ከተለመደው በላይ ያስሮጣል ያለውን አዲስ ሮተር፣ ማለትም አናቱ ላይ የሚሽከረከረውን ክንፍ፣ ከፍታ ባለው አገር ሊፈትን አምጥቶ ነበር። ቅጥሩ ቋሚ ከሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ይገኛል፤ ካልሆነ ወዴት እንደምንሄድ ማናችንም አናውቅም።

ችግሩ ፍጥነቱ ሲጨምር መሪው እጁ ላይ እንደ ገበያ ፍየል መወራጨቱ ነበር። መሣሪያዎቹ የሄሊኮፕተሩን ንዝረት ይመዘግባሉ፤ እጅ የሚሰማውን የሚናገር ግን አብራሪው ብቻ ነው። ባረፈ ቁጥር ሮተሩን የሠራው መሐንዲስ እንዴት እንደነበር ይጠይቀዋል። የእኛ ሰው ደህና ነው ይላል። ሰው ዓመታት የለፋበትን ነገር ፊት ለፊት ማጣጣል ነውር ነዋ። ተጋብዞ ወጡ አልጣመኝም የሚል እንግዳ የት አለ? መሐንዲሱም ደህና ከሆነ ብሎ ለሚቀጥለው በረራ ፍጥነቱን ይጨምራል።

ይህን ምሳ ላይ ሲነግረን እኔ የይሉኝታን አመጣጥ ከጥንት ጀምሬ ማብራራት ያዝኩ። የሰማኝ የለም። ሚስቱ ሳህኑን ከፊቱ አነሳች።

«የእኔን ወጥ ጨው በዛበት ስትል ይሉኝታ ይዞህ አያውቅም» አለችው።

«አንቺማ ሚስቴ ነሽ።»

«እንግዲያው ነገ መሐንዲሱን ሚስቴ ነው ብለህ አስበው።»

በማግስቱ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ በእንግሊዝኛ ስሞታ ሲለማመድ ሄደ። ካረፈ በኋላ መሪው እንደሚወራጭና እሱም ከዚህ በላይ ፍጥነት እንደማይጨምር ተናገረ። መባረሩን እየጠበቀ ቆመ። መሐንዲሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ሌላስ?» አለው።

ክንፎቹ ወርደው ጫፋቸው እንደገና ተሠራ። በሚቀጥለው በረራ መሪው ቢረጋም ሙሉ በሙሉ አልሰከነም፤ እሱም ሌላ ስሞታ ይዞ ወረደ። በዚያው ሳምንት ቋሚ አደረጉት።

አንተም አንባቢዬ፣ ሰው የሠራውን አሳይቶ እንዴት ነው ሲልህ፣ ደህና ካልሆነ ደህና ነው አትበለው። ከእኔ ጀምር።