ሁለት ሜትር ከሃያ

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሦስት ተከታታይ የዕረፍት ቀን ስለነበረ አገር ምድሩ ወደየዘመዱ እየተጓዘ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ጨርሰዋል፤ የመጸው መጨረሻ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየሾለከች ቁርጭምጭሚት ትበላለች።

ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ከአንዲት አሮጊት ጎን ተቀምጦ ነበር። አሮጊቷን መንገዱ ሳይጋመስ እንቅልፍ ጣላቸውና ራሳቸው ቀስ እያለ ወርዶ ሰውየው ትከሻ ላይ አረፈ። ሰውየው ዘወር ብሎ አያቸው። ከዚያ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ አመቻቸላቸውና እንደ ምሰሶ ቀጥ አለ። ሁለት ሰዓት ያህል አልተነቃነቀም። ረዳቱ "ወራጅ አለ?" ብሎ ሲጮህ እጁን እስከ ደረቱ አነሣ፣ አሮጊቷን አየ፣ እጁን መለሰው። ከተማዋ በመስኮቱ አለፈች።

"እንዲህ ያለም ሰው አለ፤ ተመስገን" አልኩ በልቤ። እሱን ሳይ የራሴን መውረጃ እንዳለፍኩ የገባኝ በሚቀጥለው ማቆሚያ ነው። አሮጊቷን ልጃቸው ተቀበለቻቸው፤ እኛ ሁለታችን መንገድ ዳር ቀረን።

"ደግ ሰው ነዎት" አልኩት።

"ደግነት አይምሰልዎ" አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። "መውረዱን ፈርቼ ነው። እሳቸው ሰበብ ሆኑልኝ።"

ወደ ኋላ ሦስት ኪሎ ሜትር በእግራችን ስንመለስ "እርስዎ" መባባሉ ቀረ። ያን ዕለት መንገድ ላይ ያጫወተኝን፣ በሦስተኛውም ቀን የጨመረልኝን አንድ ላይ አድርጌ እንዲህ ጻፍኩት።

ሰውየው ቀያሽ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሌላ ክፍለ አገር መሬት ሲለካ ኖሯል። ተወልዶ ያደገው ግን እዚያ ያለፍናት ከተማ ውስጥ ነው፤ በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ ፈቃድ ወስዶ ይመጣል። አባቱ የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ ሃያ ስምንት ዓመት የቆሙ ሰው ነበሩ። "ሚዛኑ ላይ ዝንብ ብታርፍ እስክትነሣ ይጠብቃሉ" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ገበሬውም ነጋዴውም እሳቸው የመዘኑትን ደግሞ አይመዝንም።

ቀያሹ ገና የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ማዘጋጃ ቤቱ ከወንዙ ማዶ አዲስ ሠፈር ለማውጣት ላከው። በአንድ መንገድ ዳር አሥራ ሁለት ቦታ፣ የእያንዳንዱ የፊት ስፋት ሃያ ሜትር። ከወዲህ መንገድ እስከ ወዲያ መንገድ ሁለት መቶ አርባ ሜትር ነው፤ ምንም የሚያስቸግር ነገር የለውም። ዕጣ ሲወጣ የመጨረሻው፣ አሥራ ሁለተኛው ቦታ ለአባቱ ደረሰ።

ችግሩ ሜትሩ ነበር። ከብረት የተሠራው የሠላሳ ሜትር መለኪያ ከጥቂት ወር በፊት የጭነት መኪና ሄዶበት ተበጥሷል። አንድ በያጅ የተጣመመውን ቆርጦ ጣለና ሁለቱን ጫፍ ደራርቦ በሪቬት ሚስማር መታው። ቁጥሩ ከአምስት ሜትር ከአርባ ብድግ ብሎ አምስት ሜትር ከስድሳ ላይ ዐረፈ። ሃያ ሳንቲ ሜትር ጠፋ። ቀያሹ መጋጠሚያውን ብዙ ጊዜ በእጁ ዳብሶታል። ግን ቀያሽ የሚያነበው ጫፉን ነው፤ መሐሉን ማን ያየዋል?

ከአንደኛው ቦታ ጀምሮ ለካ፣ ችካል መታ፣ የወሰን ድንጋዩን በሲሚንቶ አስቀመጠ። አሥራ አንደኛውን ጨርሶ የአባቱ ቦታ ላይ ሲደርስ የቀረው ሃያ ሜትር መሆን ሲገባው ከሁለት ሜትር በላይ ትርፍ ሆነ። ደግሞ ለካው፤ ያው ነው። ሜትሩን ጎትቶ በጣቱ እየቆጠረ ሲሄድ አምስት ሜትር ከአርባ ላይ ጣቱ ቆመ። 

አለቃው ሥራውን የሚረከበው በማግስቱ ነበር። አሥራ አንዱም ድንጋይ ደርቋል። ሁሉን ነቅሎ እንደገና መጀመር ማለት በመጀመሪያው ሥራው ከሥራ መባረር ማለት ነው። "ርክክቡ ይለፍና ከነገ ወዲያ እናገራለሁ" አለ። ወረቀቱ ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ "ሃያ ሜትር" ብሎ ጻፈ። ከዚያ የሥራ ዝውውር ደረሰውና ሄደ። ያቺ ከነገ ወዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነች።

ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ ሠፈሩን በአዲስ መሣሪያ አስለካ። ለአሥራ አንዱ ቤት "ቦታዎ በሃያ ሳንቲም ይጎድላል" የሚል ወረቀት መጣ። ለአሥራ ሁለተኛው ደግሞ "ሁለት ሜትር ከሃያ ትርፍ ይዘዋል"። ሠፈርተኛው ቁጭ ብሎ ደመረው። አሥራ አንድ ጊዜ ሃያ፣ ልክ ሁለት ሜትር ከሃያ! ሂሳቡ እንዲህ ፍንክች ሳይል ሲመጣ ማን ስሕተት ነው ይላል? "ሽማግሌው ልጃቸውን አዝዘው ከእያንዳንዳችን ሸረፉን" ተባለ። ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው የሚዛን ሰው "አባባ ሃያ ሳንቲም" የሚል ስም ወጣላቸው።

ያን ቤት የያዘችው ታናሽ እህቱ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት። በስልክ "ወንድም ጋሼ፣ እሁድ የሠፈሩ ስብሰባ አለ። መጥተህ አንዲት ቃል ትናገርልኛለህ" አለችው። መውረዱን ያስፈራው ይኸው ነበር።

አርብ ዕለት ሲገባ የስፌት ክፍሏ ውስጥ አገኛት። ጠባብ ክፍል ናት፤ አጥሩን ተደግፋ የተሠራች፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ማሽን፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተደረደረ የክር ጥቅልል፣ ጥግ ላይ አንገት የሌላት የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት። ክፍሏ ወርዷ ሁለት ሜትር ነው። ቀያሹ ገና በሩ ላይ ሆኖ በዓይኑ ለካትና ዓይኑን ሰበረ።

"ምነው ከስተሃል? ሚስትህ ሥራ ፈታች እንዴ?" አለች እህቱ ጉንጩን እየሳመች።

"እሷማ ታበላኛለች፤ አልበላ ያልኩ እኔ ነኝ።"

"ግባ ግባ፣ ብርዱን ይዘህብኝ አትቁም።" ክር በጥርሷ በጠሰች። "ሰማህ አይደል የሚሉትን? ትናንት አንዷ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ፣ ሜትሬን ቀና ብላ አየችና 'ይቺም የአባትሽ ናት?' አለችኝ። በቤቴ! በወንበሬ ላይ ተቀምጣ!"

"ምን አልሻት?"

"ቀሚሷን ጠበብ አደረግሁላት" አለችና ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ ውኃ ሞላ። "እሁድ ተነሥተህ 'እኔ ነኝ የለካሁት፣ ልክ ነው፣ የተሳሳተው መሣሪያቸው ነው' ትላለህ። አለቀ። አንተን ያምኑሃል፤ የተማርክ ሰው ነህ።"

"መሣሪያው ባይሳሳትስ፣ እቴ?"

"ታዲያ ማን ሊሳሳት? አንተ? የአባባ ልጅ?"

 የቀረበለትን ምሳ ዳር ዳሩን ነካክቶ "ጉዞው አደከመኝ" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ሰልፉ መሐል የአሥራ አንደኛው ቤት ባለቤት፣ ጡረታ የወጣው ሾፌር ቆሟል። በወጣትነታቸው አንድ ኳስ ያባረሩ ሰዎች ናቸው። ሾፌሩ እንዳየው ድምፁን ከፍ አደረገና፦

"አንቺ ዳቦ ሻጭ! ለዚህ ሰውዬ ስትሰጪ ዓይንሽን አትንቀይ። ሙሉውን አይነካም፤ ከየዳቦው ጠርዝ ጠርዙን ነው የሚቆርጥ!"

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሴት "ኧረ ተው፣ ነውር ነው" ብላ አብራ ሳቀች። ቀያሹ ዳቦውን ተቀብሎ መሬት መሬት እያየ ሲወጣ ሾፌሩ ከኋላው ደረሰበት። አሁን ድምፁ ሌላ ነው።

"ስማኝ አንተ" አለው ቀስ ብሎ። "ሃያ ሳንቲም መሬት ምን ይሠራልኛል? ሽንኩርትም አያበቅል። አባትህ ሲሞቱ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ባለፈው ወር ያን ወረቀት ሳነብ 'ምነው ባልተሸከምኩ' አልኩ። እንዲህ ማሰቤ ነው ያሳመመኝ። እንቅልፍ ነሣኝ።"

"አባቴ አያውቁም ነበር" አለ ቀያሹ። ቃሉ እንዴት እንደወጣው አያውቅም።

"ታዲያ ማን ያውቅ ነበር?"

ቀያሹ ዳቦውን ታቅፎ ወደ እህቱ ቤት ዞረ። ሾፌሩም ራሱን ነቅንቆ መንገዱን ተሻገረ።

ያን ቀን ቀያሹ በሠፈሩ ጫፍ ላይ ካለው የመጀመሪያው ድንጋይ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ሄደ። ከድንጋዮቹ ግማሹን አፈር ውጦታል፤ አንዱ ላይ አበባ ተተክሎበታል፤ አንዱን የብስክሌት ማሰሪያ አድርገውታል። ሁሉም እሱ ባስቀመጣቸው ቦታ ናቸው፤ ማንም ንክች አላደረጋቸውም። የሠፈሩ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አምኗቸው ኖሯል። "ጌታዬ" አለ የመጨረሻው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ "አንተ ስትጠብቀኝ ቆይተሃል፤ እኔ ነኝ ያልመጣሁት።" ሌላ ጸሎት አልመጣለትም። እኔም ሲነግረኝ፣ ከዚህ የሚበልጥ ጸሎት ያለ አልመሰለኝም።

እሁድ ጠዋት ስፌት ክፍሏ ገባና ቆሞ ነገራት፦ ሜትሩ፣ በያጁ፣ አምስት ከአርባ፣ ርክክቡ። ሳይቆርጥ፣ ሳያስተባብል። እህቱ እግሯ ከማሽኑ መርገጫ ላይ ቆመ።

"አባባ ያውቅ ነበር?"

"አያውቅም።"

"ይህች ክፍል..."

"ይህች ክፍል ከትርፉ ላይ ናት። ያፈርሷት ይሆናል። ሌላ እሠራልሻለሁ።"

"ክፍሏን ማን ጠየቀህ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "ከመጋዘን ሲመለስ በየቀኑ አጥሩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ 'ልጄ የለካው' ይል ነበር። ለመጣ እንግዳ ሁሉ። እኔ እንኳ እሰለች ነበር። አንተ በየዓመቱ እየመጣህ፣ ከጎኑ ተቀምጠህ እየበላህ፣ ይህን ሲል እየሰማህ!"

"አዎ።"

"ስብሰባውም ይቅርብኝ፣ አንተም ቅርብኝ። ውጣልኝ፤ ስፌት አለብኝ።"

በሩን ከኋላው ቀረቀረችው። ማሽኑ ሲንቀሳቀስ ሰማ። እሱ ግን የስፌት ማሽን ባለበት ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ጨርቅ ሳይገባበት ባዶውን የሚሮጥ መርፌ ድምፁ ሌላ ነው። ያን ድምፅ ሲሰማ ቆየ።

ያረፍኩበትን የአክስቴን ቤት ጠይቆ ሲደርስ ገና ረፋድ ነበር። አክስቴ ወንበር አቀረቡለት፤ አልተቀመጠም። ይህን ሁሉ ቆሞ ነገረኝ። ከዚያ ዓይኑ ጃኬቴ ላይ ዐረፈ፤ ብብቱ ሥር ተተርትሮ ገበሩ ወጥቷል። እኔ ልብ አላልኩትም ነበር።

"ስብሰባው ከምሳ በኋላ ነው" አለኝ። "እናገራለሁ፤ እሱን ጨርሻለሁ። ቢሰድቡኝም ደግ፣ ቢከሱኝም ደግ። ግን እሷ ሳትኖር ብናገረው ግማሽ ነው። አባባን ሲሰድቡ የሰማች እሷ ናት፤ ስሙ ሲጸዳም በጆሮዋ መስማት አለባት። ለእኔ አትከፍትም። ለደንበኛ ግን በዕረፍት ቀንም ትከፍታለች፤ ያ አመሏ ነው። ጃኬትህን ይዘህ አንኳኳ። ውሸት የለበትም፣ ይኸው እውነትም ተተርትሯል። ስትሰፋልህ ዝም በላት፤ ክሩን ስትበጥስ ያን ጊዜ ንገራት። 'ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ ስለ አባባ ነው የሚናገረው' በላት። በሞቴ፣ ይህችን አድርግልኝ።"