ከሰል የቀበርንበት መሬት

የሱቄን ቤት ያከራየኝ ሰው ሊዙን አላድስም ካለኝ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ፌርፋክስ ላይ በርበሬና ሽሮ ስቸረችር ያረጀሁበትን መደርደሪያ ሳፈርስ፣ ከጀርባው የአባቴ ዲድ ወደቀ፤ የመሬት ባለቤትነት ወረቀቱ። ገና ሳነሳው ግራ ጆሮዬን አሳከከኝ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ቫን ናይስ፣ ባለአንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነበር። አባቴ ታክሲ ይነዳል። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን የሰው መሬት ያረሱ ጭሰኛ ስለነበሩ፣ አሜሪካ ውስጥ መሬት እንደ ሶፋ በወር ክፍያ እንደሚሸጥ ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። አንድ ደላላ ከምንኖርበት ከተማ በስተሰሜን፣ በረሃ ውስጥ ያለ ቦታ በፎቶ አሳየው። ጥንት መንግሥት አምስት ዓመት ኖሮ ላረሰ ሰው በነፃ ይሰጥ የነበረው አገር ነው አለው። "ታዲያ እነዚያ ሰዎች ለምን ጥለውት ሄዱ?" ብላ የጠየቀችው እናቴ ብቻ ነበረች።

"በርስትና በሚስት ቀልድ የለም" አላት አባቴ።

"በርስቱስ እሺ። በሚስትህ ግን እየቀለድክ ነው።"

ታክሲውን ሸጦ የውሃ ታንከርና አርባ የሮማን ችግኝ ገዛ።

ድንበሩን የምናበጅበት ቅዳሜ፣ ያገሩ ሰው ጋሼ ወርቁ ከኢንግልዉድ መጡ። እሳቸው በሚያውቁት ደንብ፣ በአራቱም ማዕዘን ከድንጋዩ ሥር ከሰል ይቀበራል። ድንጋይ ይገፋል፣ ከሰል ግን አይበሰብስም፤ ጠብ ሲነሳ ቆፍሮ ማየት ነው። አባቴ ከሱፐርማርኬት በፋብሪካ የተጠፈጠፈ የባርቤኪው ከሰል ገዝቶ ነበር። ጋሼ ወርቁ አንዱን አገላብጠው አዩና "ይሄ ከሰል ነው ወይስ ብስኩት?" አሉ። የእንጨት ከሰል ፍለጋ ረፋዱ አለቀ።

ካርታ የማነበው እኔ ነኝ። በእኛ ቤት እንግሊዝኛ ማንበብ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሥራ ነበር። አስፋልቱን ይዘን ሄደን ሦስተኛው የአፈር መንገድ ላይ መታጠፍ ነበረብን። ሙቀቱና የከሰሉ ሽታ ዓይኔን ከደነው። ስነቃ አባቴ "ስንት አለፍን?" አለኝ። ማንቀላፋቴን ላለመናገር "ሁለት። የሚቀጥለው ነው" አልኩ።

ቆፍረን ቀበርን። መጨረሻው ድንጋይ ላይ ጋሼ ወርቁ ግራ ጆሮዬን ይዘው እንባዬ እስኪመጣ ጠመዘዙት። "ምስክር ነሽ" አሉኝ። "ዳኛ የጠየቀሽ ቀን ይሄ ጆሮ ያስታውስሻል።"

አባቴ ዓመቱን እዚያው ከረመ። ውሃ በታንከር እየጫነ፣ ሮማኖቹን በጣሳ እያጠጣ። እርጥብ አፈር በበረሃ ውስጥ እንዴት እንደሚሸት እኔ አውቃለሁ። ችግኞቹ ጉልበቴ ደርሰው ሲያብቡ አንድ ነጭ ሽማግሌ በፒካፕ መጣ። የራሱን ወረቀት አውጥቶ ከአባቴ ወረቀት አጠገብ፣ የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋው። መሬቱን ከመንግሥት የተቀበሉት አያቱ ናቸው፤ ጥጉ ላይ የፈረሰው ጭስ ማውጫ የእሳቸው ጎጆ ነበር። የእናንተ አንድ መንገድ ወደኋላ ነው ብሎ ጠቆመን። ተዳፋት፣ ድንጋይ ብቻ።

"ከሰል ቀብሬያለሁ በይው። ልጄ ምስክር ናት በይው" አለኝ አባቴ። ተረጎምኩ። ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ "ከሰል ለምን ይቀበራል?" አለ፤ ክፋት አልነበረበትም። ችግኞቻችሁን ነቅላችሁ ውሰዱ አለን።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "ሦስተኛው አልነበረም እንዴ?"

"ሦስተኛው ነው አባዬ።"

"እንግዲያው ቀማን" አለ። ነገሩ በዚያ አለቀ።

ነቅለን ወደ ድንጋያማው መሬታችን ካዛወርነው አርባ ሮማን አንድም አልጸደቀም። አባቴ የሰው ታክሲ ተከራይቶ መንዳት ጀመረ፤ አባቱ የሰው መሬት እንዳረሱት። እስኪሞት ድረስ "አንድ ነጭ ርስቴን ቀማኝ" እንዳለ ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ እጁን ይዤ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ፤ ያን ጊዜም ማንቀላፋቴን አልነገርኩትም።

ያኔ ልቀቁ የሚል ሰው መሬቱ ድረስ መጥቶ ባርኔጣውን ያወልቅ ነበር። የእኔ በኢሜይል መጣ። ደንበኞቼ "ሶ፣ አሁን የት ልትሄጂ ነው?" ይሉኛል። ርስት አለኝ እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። ያን ድንጋያማ መሬት ለመሸጥ ያልሞከርኩት ደላላ የለም፤ በነፃም የሚወስደው ጠፋ። ከሰሉ ግን እስካሁን እዚያው፣ በሰው መሬት ሥር አለ። ጋሼ ወርቁ የጠመዘዙኝ እንዳልረሳ ነበር። አልረሳሁም። የሚጠይቀኝ ዳኛ ነው የጠፋው።