ሳንጠራ የተካፈሉት ውሃ

በንጉሡ ዘመን መሳለሚያ አጠገብ፣ ከአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ነበረኝ። ለሰው ማመልከቻ እጽፍ ነበር። የቤት ኪራይ፣ የድንበር፣ የውርስ ክርክር ካልሆነ ሌላ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ጎጃም በረንዳ ማር የሚሸጡ አንዲት እትዬ መጥተው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። በሬዲዮ ግብጽና ሱዳን የዓባይን ውሃ ተካፈሉ ሲባል ሰምተዋል።

«ጻፍልኝ» አሉ። «ያልተጠራ ወራሽ ያለበት ክፍፍል ይፈርሳል አይደል? እኔ ያደግሁት ዓባይ ዳር ነው። ማንም አልጠራኝም።»

«እትዬ፣ ይኼ እኮ የመንግሥታት ጉዳይ ነው።»

«ጎረቤቶቼ አይደሉም? ነጻ ሲወጡ እልል ብያለሁ። ሲካፈሉ ደግሞ ይጥሩኝ።»

ሳቄ መጣ። እየጻፍኩ ስሄድ ግን ሳቁ ለቀቀኝ፤ አቤቱታቸው ምንም አልጎደለውም። «በሌለሁበት የተደረገው ክፍፍል ፈርሶ፣ ሦስታችንም ባለንበት እንደ አዲስ ይካሄድልኝ» ብዬ ጨረስኩት። ምስክር ሲያስፈልግ እትዬ ከሱቃቸው ጎን የሚነግደውን ሱዳናዊ አስጠሩት። ይጣላናል ብዬ ነበር። እሱ ግን አስነብቦ ሰማና «እኔንም ማንም አልጠየቀኝም» ብሎ በዓረብኛ ፈረመ። እትዬ ከፊርማው አጠገብ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

የመዝገብ ቤቱ ሹም አንብቦ ሳቀባቸው።

«ተከሳሾቹ ከየት ይጠሩልዎት?»

«እኔ ማር ይዤ ከጎጃም እዚህ ደርሻለሁ። እነሱስ ምን ያዛቸው?»

ሳቁን አቆመ። ወረቀቱን ወደ እኔ ወርውሮ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ብትጽፍ ጠረጴዛህን ከዚህ አስነሳዋለሁ» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። የምበላው ከዚያ ጠረጴዛ ነው። እትዬ አልለመኑኝም፤ ሄደው አዲስ ቴምብር ገዙና ፊቴ አስቀመጡት። ያን ጊዜ በራሴ ተናደድኩ። ድንበሩ የተገፋውን ሁሉ አቤት በል እያልኩ ስኖር፣ የእሳቸው ሲሆን ዝም ልበል? ቃል ሳልቀንስ ደግሜ ጻፍኩና አስገባሁት።

በማግስቱ ጠረጴዛዬን መንገድ ላይ ተጥሎ አገኘሁት፤ አንድ እግሩ ተሰብሯል። ተሸክሜው ጎጃም በረንዳ ሄድኩ። እትዬ በተሰበረው እግር ቦታ የማር ቆርቆሮ ደገፉበት፤ ሱዳናዊው ከሱቁ ወንበር አመጣ። ተቀመጥኩና ሦስተኛውን ማመልከቻ ጀመርኩ።