ዝንቡን አታባርሩት

ልጄ ፎቶ ማንሳት የተማረችው ላሊበላ ገበያ አጠገብ ካለ ኢንተርኔት ቤት ነው። እኔም አብሬያት እገባ ነበር። ሴት ልጅ ብቻዋን እዚያ ገብታ ስትወጣ ሰፈሩ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ከቱሪስት ኋላ ከሚሮጡት ጎረምሶች ግማሾቹም የሚውሉት እዚያው ነው። ቤቱ መስኮት የለውም። የእግር ሹራብና የፈሰሰ ለስላሳ ይሸታል። ከሁሉም የሚቀፈኝ የጆሮ ማዳመጫው ነበር፤ የስንት ሰው ኩክ ጠግቦ ስፖንጁ ያብለጨልጫል። ልጄ ልታጠልቀው ስትል እቀማትና በነጠላዬ ጫፍ እወለውለዋለሁ።

"እማ፣ ሰው ያየናል" ትለኛለች።

"ይይ። ጆሮሽ መግል ሲይዝ ያየሽ ሁሉ አያሳክምሽም።"

ቤት ስንገባ ያንን ነጠላ ለብቻው አጥበዋለሁ።

ትምህርቱ ከውጭ አገር በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው፣ በነጻ፤ የምንከፍለው ለመቀመጫው ብቻ። ካሜራ የላትም፤ አጎቷ የተዉላት፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነበራት። የዱቄት ወተት ከረጢት ገልብጣ የሚያበራውን ውስጡን ካርቶን ላይ ለጥፋ፣ ብርሃን ወደ ሰው ፊት የምትመልስበት ነገር ሠራች። እሱን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። የሠርግና የክርስትና ፎቶ እያነሳች፣ የማንንም ፈረንጅ ሻንጣ ሳትከተል ትኖራለች ብዬ።

አንድ ቀን ግን አስተማሪው፣ ፂማም ፈረንጅ ነው፣ የአንድ ሽማግሌ ፊት በኮምፒውተሩ ከዳር እስከ ዳር አድርጎ አሳየ። የእኛ አገር ሰው ይመስላሉ። አንዱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ጥጉ ላይ ዝንብ ተቀምጧል። እኔ አራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፣ እንግሊዝኛ አልሰማም።

"ምን ይላል?"

"ዝንቡን አታባርሩት ይላል። የፎቶው እውነት እሱ ነው ይላል።"

"ዝንቡ?"

"ታሪክ ይናገራል ማለቱ ነው፣ እማ።"

የእናቴን ዓይን ያጠፋው ያ እውነት የሚለው ነገር ነው። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ሲወጋት በወረንጦ የምነቅልላት እኔ ነበርኩ። በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ የልጆቻችሁን ፊት እጠቡ፣ ዝንብ አታሳርፉ ሲሉ፣ እኔን ማስተማር አላስፈለጋቸውም። ይህችን ልጅ ሳጠባ አንዱ እጄ ለሌላ ሥራ አይውልም ነበር፤ ከዓይኗ ዝንብ እሽ ሲል ይውላል። እሷ አሁን ፈረንጁ በተናገረ ቁጥር ራሷን ትነቀንቃለች።

ከቤታችን በላይ እማሆይ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ጭነው፣ ከአሸተን ማርያም ተራራ ወርደው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያረጁ መነኩሲት ናቸው። በዚያ ክረምት ሆዳቸው አበጠና እህል እምቢ አላቸው። እንደማይቆዩ እሳቸውም እኛም እናውቅ ነበር። ዘመዶቻቸው ያሉት ተራራው ላይ ነው። በእኛ አገር ልቅሶ የሟች ፎቶ ከፍ ተደርጎ ይያዛል፤ ፎቶ የሌለው በልብሱ ይለቀስለታል። የእማሆይ ልብስ ደግሞ ያው የተጣጣፈ፣ የወየበ ቀሚስ ነው።

ልጄን አስጠርተው እንዲህ አሏት፦ "ስንቱ ፈረንጅ በር ላይ አንስቶኛል። ፊቴን ግን እኔ አንድ ቀን አላየሁት። አንቺ አንሺኝ። ቆሜ፣ መቋሚያዬን ይዤ፣ ጫማ አድርጌ። ዘመዶቼ ሲያዩኝ በደኅና ኖራለች ይበሉ።"

ጫማዬን አዋስኳቸውና ውሃ ልቀዳ ሄድኩ። ስመለስ ልጄ ጨርሳ ነበር።

ፎቶ ቤት አሳጥባ ስታመጣው ፊቷ በርቷል። በኢንተርኔት አብረዋት የሚማሩት ሁሉ አድንቀውላታል፤ ፂማሙም ራሱ ጽፎላታል። እማሆይ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። እኔም በትከሻቸው አየሁ። ግማሽ ፊት ብቻ ነው፤ ግማሹን ጨለማ በልቶታል። በዓይናቸው ጥግ ዝንብ አለ።

"የማንን አስከሬን ነው ያመጣሽልኝ?" አሉ።

"እርስዎ ነዎት፣ እማሆይ።"

"እኔ ከሆንኩ እግሬ የት ሄደ? ጫማ ተውሼ አልነበር?"

ከዚያ ዝንቡን አዩት። በጣታቸው እሽ አሉት። ደግመው በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። "ተጣብቋል" አሉና ወረቀቱን መለሱላት።

እደጅ ስንወጣ ጠየቅኳት። "ጠበቅሽው?"

"ምኑን?"

"እስኪያርፍባቸው።"

"እማ፣ ብርሃኑ እኮ..."

"ብርሃኑን አልጠየቅኩሽም።"

ፎቶውን ደረቷ ላይ ገልብጣ ያዘችው። የወለድኳትን ልጅ የተጸየፍኩት ያን ቀን ነው። ማታ ከእሷ ጋር ከአንድ ትሪ መጉረስ አቃተኝ፤ እጇ ወጡ ውስጥ ሲገባ የእኔን አነሳሁ። ለየብቻ በላን። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

በማግሥቱ የዝንብ ጭራዬን ይዤ፣ እሷን አስከትዬ ወደ እማሆይ ወጣሁ። የእማሆይን ፊት በለብታ ውሃ አጠብኩ፤ ዓይናቸውን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግኩ። መቆም አቅቷቸው ስለነበር ከጎን ሆኜ በጋቢያቸው ሥር ወገባቸውን ያዝኩ። በሌላው እጄ ጭራውን አላቆምኩም። ልጄ ራቅ ብላ ሙሉ አነሳቻቸው፤ ከቆባቸው እስከ ጫማዬ።

"እማ፣ እጅሽና ጭራው ገብተዋል" አለች ስልኩን እያየች። "ግድ የለም፣ እቆርጠዋለሁ።"

"እንዳትነኪው" አሉ እማሆይ። "አሽከር ነበራት ይበሉ።"

ከሦስት ቀን በላይ አልቆዩም። ልቅሶው ላይ ያንን ፎቶ ሴቶቹ እየተቀባበሉ ከፍ አድርገው ያዙት። አንዲት ዘመዳቸው "በደኅና ኖራለች" ስትል ሰማሁ። ልጄም ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች።

የዝንቡን ፎቶ አጥፍቼዋለሁ ብላኛለች፤ አምናታለሁ። ዛሬ የምትኖረው በክርስትናና በሠርግ ፎቶ ነው፤ ሕፃን ልታነሳ ስትል መጀመሪያ ፊቱን ጥረጉለት ትላለች። ከአንድ ትሪም መብላት ጀምረናል።

ዓመት ያህል ቆይቶ የአጠባ ሥራ ልጠይቅ ዳገቱ ላይ ወዳለ አንድ ሆቴል ገባሁ። በምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ እማሆይ ተሰቅለዋል፤ ግማሽ ፊት። ማን ከኢንተርኔት እንዳወረደው እንጃ። ዝንቡ ቡጢዬን ያህላል። ከሥሩ ሰዎች ምሳ ይበላሉ፤ አንዷ አፏን ጠርጋ ቀና አለችና አየችው፤ ከዚያ ወደ ሳህኗ ተመለሰች።

ሥራውን ሳልጠይቅ ወጣሁ። ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው፤ እጄ አይደርስም።