ሁለት ስም ያለው ገብስ

በዚያ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የቀትር እንቅልፍ የሚመስል ነገር ነበር። ከአምቦ ወጣ ብሎ ባለ የእርሻ ምርምር ጣቢያ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል ይንሳፈፋል። የተቀጠርኩት ለታይፕ ነው። ግጥም ማንም ሳያስተምረኝ እጽፍ ነበር፤ ኮምፒዩተሩንም እንደዚያው ተማርኩት። መሣሪያውን ያመጣው የውጭ አገር ሰው ሲሄድ ወፍራም መመሪያ ትቶልን ነበር። ግማሹ አይገባኝም፤ ያልገባኝን በህልሜ እቀጥለዋለሁ።

አንዱ ምዕራፍ አልለቀቀኝም። ኤል ኤን የምትባል አጭር ትእዛዝ ነበረች፤ ለአንድ ፋይል ሁለተኛ ስም ትሰጠዋለች። ቅጂ አይደለም። ከተማችንን ገበያተኛው አምቦ፣ ማኅተሙ ደግሞ ሀገረ ሕይወት ይላት እንደነበረው ያው አንድ ነገር ነው፤ አንዱ ስም ቢሰረዝ በሌላው ይኖራል። ከትእዛዟ ጎን ሰረዝና ኤስ ከተጨመረ ግን የሚፈጠረው ጠቋሚ ብቻ ነው፣ ወደ ጌዶ እንደሚያሳይ የመንገድ ምልክት። ጌዶ ከቦታዋ ብትነሣ ምልክቱ ባዶ ሜዳ እያሳየ ይቆማል።

የዘር ክፍል ረዳቷ ከጌዶ በላይ ካለ ኮረብታ የመጣች ልጅ ነበረች። በመንደር ምሥረታ ቤታቸው ፈርሶ መንገድ ዳር ሲሰፍሩ፣ አባቷ ጥቁር ገብሳቸውን ለጣቢያው በአደራ ሰጡ። ገብሱ የተቀመጠበት ጠርሙስ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚናገረው ኮምፒዩተሩ ውስጥ በኮረብታው ስም በተከፈተው ማኅደር ውስጥ ያለ ፋይል ነው። እሱ ከጠፋ ገብሱ መደርደሪያውን ከሞሉት ጠርሙሶች መካከል ስም የለሽ ሆኖ ይቀራል።

የጣቢያው ኃላፊ የፈረሱት መንደሮች ስም ተሰርዞ በአዲሶቹ እንዲተካ አዘዙ። «ለሌለ ቦታ ማኅደር አንከፍትም፣ ጓድ» አሉኝ።

«የአባቴ አፍ አዲሱን ስም አይለውም» አለችኝ እሷ።

ፋይሎቹን ወደ አዲሱ ማኅደር አዛወርኩና የኮረብታውን ስም በጠቋሚ አስቀረሁት። አንድ መስመር ነው የፈጀው። ስሙን ጻፈችው፤ ተከፈተ።

«ጓድ ባለቅኔ፣ ለካስ ትጠቅማለህ» አለች።

አንድ የገበያ ቀን አባቷ መጡ። ገብሱን ሊወስዱ አይደለም፤ የመንገድ ዳሩ መሬት አይስማማውም። መኖሩን ብቻ ማወቅ ፈልገው ነው። «ጂራ?» አሉ፤ አለ ወይ ማለታቸው። ልጃቸው ስሙን ጻፈች። ኃላፊው ግን በዚያው ሳምንት ሁለት አዳዲስ መንደሮች ስለተዋሐዱ የአዲሱን ማኅደር ስም ቀይረውት ነበር። የኮረብታው ስም ዝርዝሩ ላይ ይታያል፤ ሲጠሩት መልስ የለውም።

«የለም ይላል፣ አባ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው መስታወቱን አዩት። «እውነቱን ነው» አሉ። «እኔም ወጥቼ አይቼዋለሁ። የለም።» ከዚያ ቀና አሉ። «ገብሱስ?»

ከሸኘቻቸው በኋላ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ምልክት አይደለም የለመንኩህ» አለች። «ስም ነው።»

ፋይሎቹን በተዋሐደው መንደር ማኅደር ውስጥ አገኘኋቸው። ማኅደርን እንዳለ ሁለት ስም መስጠት አይቻልም፤ ፋይልን ግን ይቻላል። ጠቋሚውን አንሥቼ በኮረብታው ስም እውነተኛ ማኅደር ከፈትኩና ለፋይሎቹ አንድ በአንድ፣ ያለ ኤስ፣ ሁለተኛ ስም ሰጠኋቸው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጣሪያው ላይ ዝናብ ይወርድ ነበር። አንድ ስም በጻፍኩ ቁጥር እዚያ ላይ አንድ ቤት ከጭጋግ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ከየፋይሉ ጎን ያለችው፣ የስሞቹን ብዛት የምትናገረው ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት ተለወጠች።

ቆይቶ፣ ገበሬው ወደፈለገበት ይመለስ ተባለ። ሰዎች ቋሚና ቆርቆሮ ተሸክመው ሽቅብ ሲወጡ ከአውቶቡስ መስኮት አየሁ። ኃላፊው በዚያው በማይለወጥ ድምፃቸው የአዲሶቹን መንደሮች ማኅደሮች እንድሰርዝ አዘዙኝ። አባቷ ደጅ ቆመዋል፤ በዚህ ጊዜ የመጡት ገብሱን ሊወስዱ ነው።

«አብሮ ይጠፋ ይሆን?» አለች ከኋላዬ።

«አይጠፋም።»

«አንተ ነህ የምትለው ወይስ መጽሐፉ?»

«መጽሐፉ።»

«እንግዲያው ሰርዝ።»

ሰረዝኩ። አዲሱ መንደር ከመስታወቱ ላይ ጠፋ። የኮረብታውን ስም እሷው ጻፈችው፤ ፋይሎቹ ተዘረዘሩ፤ ከየጎናቸው ሁለት የነበረው አንድ ሆኗል። የጠርሙሱን ቁጥር መዳፏ ላይ ጽፋ ወደ መጋዘን ሮጠች።

ሽማግሌው ገብሱን እጃቸው ላይ አፍስሰው አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩ።

«ይበቅላል?» አልኳቸው።

«አሁን የሚስማማው መሬት አለ» አሉ። መሃረባቸው ውስጥ ቋጥረው ጠርሙሱን መለሱልን። ሰኔ ገብቶ ነበር፤ የጌዶ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ፈጠን ብለው ሄዱ።