«እጅ!» ይለን የነበረው ጋሼ

ጻፊልኝ ልጄ። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ከቀበርነው ገና ወሩ ነው። ያኔ ባንኮ ጎቲቲ በሚባለው አገራችን ቡና ማጠቢያው ጋ አብረን ስንሠራ፣ መፈልፈያ ማሽኑን የሚያስነሳው እሱ ነበር።

ሞተሩን ከመንካቱ በፊት «እጅ!» ብሎ ይጮኻል። ሁላችንም ሁለት ሁለት እጃችንን ወደ ላይ እናደርጋለን። ቆጥሮ ካልጨረሰ አያስነሳም። መንገደኛው «ጴንጤዎቹ ጸሎት ጀመሩ!» እያለ ይስቅብን ነበር።

አንድ ቀን እኔ አንዱን እጄን ብቻ አነሳሁ። ሌላው ማሽኑ ውስጥ ነበር፣ የተቀረቀረ ቅጠል ላወጣ ብዬ። ባለቤቱ ደግሞ ቸኩሏል።

«አስነሳው እንጂ! ቡናዬ ሊበላሽ ነው። እምቢ ካልክ ውጣልኝ ከዚህ!»

ጋሼ ቀስ ብሎ፣ «አንድ እጅ ጎድሎኛል ጌታዬ። ቡናው ለከርሞም አለ፤ የእሷ እጅ ለከርሞ ከየት ይመጣል?» አለው።

ባለቤቱ ጠጋ ብሎ እጄን ማሽኑ ጥርስ መሃል ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም ቅጠሉን ይዤ እጄን አወጣሁ። ከዚያ አጠገቤ መጥቶ ቆመና እሱም ሁለት እጁን አነሳ።

አሁን ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ እንሰቱ ላይ ሲወርድ፣ ተቀምጬ እንቅልፍ ሸለብ ያደርገኛል። ጉሙ ውስጥ ሆኖ «እጅ!» ሲለኝ እሰማዋለሁ። ስነቃ ሁለቱም እጆቼ ወደ ላይ ናቸው። አሥሩም ጣቶቼ አሉ። አላወርዳቸውም፣ ሞተሩ እስኪነሳ እጠብቃለሁ።

ቆጥሮ የሚጨርስልኝ ግን የለም።